ሳይነካ የተመለሰ ሳህን

ራት ብለው ጠርተውን በአሥር ሰዓት አስቀመጡን። ጊዜው አይመችም፣ ሰው ሳይጨልም ቤቱ ይግባ ተብሎ ነው አሉ። እኔ ቅር አላለኝም። ብቻውን ለሚኖር ሰው ራት በአሥር ሰዓት ሆነ በሁለት ሰዓት ያው ነው፤ አብሮት የሚቀርብ የለም። ማረው እባላለሁ፤ የቁሐር ሚካኤል ሰው ነኝ፤ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሩዜን ወቅቼ አስገብቼ፣ ከብቶቼን ለጎረቤት አደራ ብዬ ወረታ የወጣሁት ወይን አምሮኝ አይደለም። ልጄን ለማየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረታ አንድ አዲስ ሆቴል ተከፍቷል። በዚያ ሆቴል አምስት ዓይነት ምግብ በየተራ ይቀርባል፤ ለእያንዳንዱም ምግብ የሚስማማው ወይን ተመርጦ ይቀዳለታል ተባለ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ታይቶም ተሰምቶም አያውቅ። እኛ ጠላ ከሆነ ጠላ፣ አረቄ ከሆነ አረቄ፣ አንዱን ይዘን እስኪያልቅ ነው። የወጥ ቤቱ አለቃ ልጄ ጽጌሬዳ ናት። ከባሕር ዳር ለቅቃ ከመጣች ገና ወር አልሞላትም። የጥሪ ካርዱን የላከችልኝም እሷው ናት። ከጀርባው በእጇ «አባ፣ ይምጡልኝ። አምስቱንም የምሠራው እኔ ነኝ» ብላ ጽፋበታለች።

ሌላ አባት ቢሆን ይህን ካርድ ይዞ ለሰው ሁሉ ያሳይ ነበር። እኔን ግን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ለምን ቢሉ፣ ከዚህች ልጅ እጅ እህል እንዳልቀምስ የማልሁ ሰው ነኝ።

ከአራት ዓመት በፊት እናቷ አምሳል ሞተችብኝ። ጽጌሬዳ ያኔ ባሕር ዳር፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ወጥ ሠሪ ነበረች። ብንደውል ብንደውል አልተገኘችም። ሬሳ አይጠብቅም፤ ቀበርን። ልጅቱ የደረሰችው በሠልስቱ ነው። ያለችኝ ልጅ አንድ እሷ፤ የነበራት እናት አንዲት። እኔም ውስጤ ነድዶ ጠበቅኋት። አለቀሰች፣ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ሰው አነሣት። ሲመሽ ተነሥታ ማጀት ገባችና ለለቀስተኛው ወጥ ሠራች። ከዚያ ፊቴ ተንበርክካ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። «አባ፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም አሉኝ። ትንሽ ይቅመሱ» አለች።

እጇን በእጄ መታሁት። ጉርሻው ጉዝጓዙ ላይ ወደቀ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ እየሰማ፣ «እናትሽ ስትቀበር ለባዳ ወጥ ሲሠራ ከነበረ እጅ እህል ብቀምስ፣ የቁሐሩ ሚካኤል ይፍረድብኝ፤ እህሉም አንጀቴን ይቁረጠው» አልሁ። ሰው «ተው፣ ኧረ ተው» አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጅቱ ጉርሻውን ከጉዝጓዙ ላይ ለቅማ በመዳፏ ይዛ ወጣች።

እውነቱን በኋላ ነው የሰማሁት። በእነዚያ ቀናት ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር፤ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። የእናቷን ሞት ከመንገደኛ አፍ ሰምታ፣ ግማሹን መንገድ በእግሯ ነው የመጣች። ይህን የሰማሁ ዕለት ሄጄ ጫማዋ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አልሄድሁም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔም ምላጩን ውጬ ተቀመጥሁ። እሷ ትምጣ አልሁ። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች ስል አራት ዓመት አለፈ። ቤቴ ውስጥ ከላሞቹ በቀር ስሜን የሚያውቅ ነገር ጠፋ።

ካርዱ ሲደርሰኝ እልሁ ከውስጤ ወጣ። ወደ ንስሐ አባቴ ወደ ቄስ ተክለ ማርያም ገሠገሥሁ። መሐላን የማለው ሰው ራሱ አይፈታውም። ካህን ቀኖና ሰጥቶ፣ አሰግዶ፣ አጹሞ ነው የሚፈታው። ቄሱ የሉም። ጉልበታቸውን አሟቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊታጠቡ ሄደዋል፤ ሁለት ሱባዔ ይቆያሉ አሉኝ። ካርዱ የደረሰኝ ዓርብ ማታ፣ ግብዣው እሑድ። ወንዛዬ ደርሼ ልመለስ ብል በምን እግሬ?

እንግዲህ ፍረዱኝ። ብቀር፣ ዛሬም ናቀኝ ትላለች። ሄጄ ብበላ፣ ሚካኤል አለ። ደስታው የሚባል ጎረቤት ነበረኝ፤ በድንበር ተጣልቶ፣ በታቦቱ ስም ምሎ፣ መሐላውን ያፈረሰ። ዓመት ሳይሞላው አፉ ተጣሞ ቀረ፤ ሲሞትም እንደተጣመመ ነው። በዓይኔ አይቼ የምቀልድ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ቆረጥሁ። ሄጄ፣ ምግቡ ሳይቀርብ አስጠርቼ፣ «ልጄ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ቄሱ መሐላዬን እስኪፈቱልኝ ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሺኝ» እላታለሁ። ከቁሐር እስከ ወረታ ይህችን ቃል እንደ ዳዊት እየደገምሁ ነው የሄድሁ።

በሩ ላይ የተቀበለችኝ ውባንቺ የምትባል አስተናጋጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፊቷ ደግ ነው። «ጽጌሬዳን ጥሪልኝ» አልኋት።

«አሁን መውጣት አትችልም አባቴ። ሃምሳ ሰው ነው የምታበላው። መጨረሻ ላይ ትወጣለች፤ ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ያመሰግናታል። ያኔ ያገኟታል።»

«ለአፍታ ብቻ።»

«እሳት ላይ ናት አባቴ» አለችና እጄን ይዛ መስኮት ዳር አስቀመጠችኝ።

ጠረጴዛዋ ትንሽ ናት፤ ሁለት ወንበር አላት። አንዱ ላይ እኔ፣ ፊት ለፊቴ ባዶ። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ሳህን፣ የየራሱ ማንኪያ ተደርድሯል። ገበታ የለ፣ ቅረቡ የለ፣ በሞቴ የለ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልሁ ላደግሁ ሰው፣ ሃምሳ ሰው በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ለብቻው ሲበላ ማየት ደስ አይልም። ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ቢሻው ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። ቢሻው የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አለው። የቁሐር ሰው ሁሉ ሩዙን ይዞ እሱ ዘንድ ይሄዳል፤ ወሬ ይዞ ይመለሳል። እሑድ የሰማውን ሰኞ ጧት ከሩዙ ጋር ይፈለፍለዋል። ሳየው ገና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

አንድ ክራባት ያሰረ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ተነሥቶ ስለ ወይኑ ማስረዳት ጀመረ። መጀመሪያ ነጩ ነው አለ። እግሩ ረጅም፣ ሆዱ ሰፊ በሆነ ብርጭቆ፣ የጣት ስፋት የምታህል ቀዳልኝ።

«ምነው፣ ከወዲሁ አለቀ እንዴ?» አልሁት።

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀና «መጀመሪያ ይሽተቱት አባቴ» አለኝ። አሸተትሁት። የምሽት አየር የነካው ሎሚ ይሸታል። «ይህ ወይን ለብቻው አይጠጣም፤ ምግቡን ይፈልጋል» አለና ወደ ሌላው ሄደ። ለእኔ ነበር እንዴ የተናገረው አሰኘኝ።

አንደኛው ምግብ መጣ፤ የጣና ዓሣ ሾርባ። ከጎኑ ቁራሽ ዳቦ። «ዳቦውን ማን ጋገረው?» ብዬ ውባንቺን ጠየቅኋት። «ጽጌሬዳ ናት፤ ከዳቦ ቤት አላስገዛም ብላ» አለችኝ። ዳቦውንም ወደዚያ ገፋሁት። ወይኑን ግን ጠጣሁ። የማልሁት እህል ብዬ ነው፤ ወይን እህል አይደለም፤ የቀዳውም ባለክራባቱ ነው። ታዲያ በዚህ ሚካኤል አይቀየምም አልሁ። ሽማግሌ ሲቸገር ዳኛም ጠበቃም ይሆናል።

ሾርባው ቀዘቀዘ። ውባንቺ ሳህን ልታነሣ መጥታ ደነገጠች። «አባቴ፣ አልቀመሱትም እኮ።»

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ «መሐላዬ ገና አልተፈታልኝም እንጂ ይቅር በይኝ ብሏል በይልኝ» ብላት ምን ነበረበት? ማን ከለከለኝ? ማንም። ግን ቢሻው አንገቱን ወደኔ አዘንብሎ ነበር። ማረው በሚስቱ ለቅሶ በገዛ ልጁ ላይ የማለውን መሐላ ዛሬ በሆቴል ይዞት ዞረ ተብሎ ወፍጮ ቤት ሲወራ ታየኝ። «በልቼ ነው የመጣሁ፤ ጠግቤያለሁ በያት» አልሁ።

ከጧት ጀምሮ እህል በአፌ አልገባም።

ሁለተኛው ጎመን በአይብ፣ ከሩዝ ዱቄት በተጋገረች ስስ እንጀራ ላይ። ከሱ ጋር የቀረበው ወይን ቀለሙ እንደ ተቀጠቀጠ ጽጌረዳ ነው። ወይኑን ጠጣሁ፤ ጎመኑን አየሁት። አይቡ ነጭ፣ ከላዩ ቅቤ ፈስሶበታል። የቂጣና የጥሬ ኑሮ ለኖርሁ ሰው ይህን ማየት ራሱ ቅጣት ነው። ሳህኑ እንደመጣ ሄደ። «ጠግቤያለሁ በያት።»

ሦስተኛው ዶሮ፣ በእኛው ሩዝ ላይ። ሩዙን በዓይኔ አወቅሁት፤ የሜዳችን ሩዝ ነው፤ ምናልባትም የእኔው ማሳ። ቀይ ወይን ቀዱልኝ። ባዶ ሆድ ላይ ሦስተኛው ብርጭቆ ሲገባ ጆሮዬ ውስጥ ንብ ጮኸ። ቢሻው መቻል አቃተው።

«ጋሽ ማረው፣ እርስዎን የጠሩዎት ለወይኑ ብቻ ነው እንዴ?»

«አዎ» አልሁት። «አንተን ለወሬው እንደጠሩህ።»

ሚስቱ እንኳ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሦስተኛውም ሳህን ሳይነካ ተመለሰ።

ውባንቺ ከወጥ ቤት ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኗል። ጎኔ ቆማ ቀስ ብላ፣ «ጽጌሬዳ ሳህኖቹን እያየቻቸው ነው አባቴ። ይህ የሚመለሰው ሳህን የማን ነው ስትለኝ፣ የመስኮቱ ዳር አባት ናቸው አልኋት። ሲበሉ እወጣለሁ በያቸው አለችኝ» አለች።

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለችም። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ፊቷን አዙራ ቆማለች።»

አንጀቴን በላችው። ከዚያ በር ወዲያ፣ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ተነሥቼ ልግባ ብዬ ወንበሩን ገፋሁ። ጉልበቴ በወይኑ ከዳኝ፤ ጠረጴዛውን ይዤ ቀረሁ፤ ብርጭቆው ተንኳኳ፤ ሰው ዞሮ አየኝ። ሰካራም ሆኖ ልጁ ፊት የሚወድቅ አባት አልሆንም ብዬ ተቀመጥሁ። ያ ደግሞ ሌላ ኩራት። ለካ ኩራት ሲያረጅ አይሞትም።

አራተኛው ሳይደርስ ሽታው ደረሰ። ራሴን ቀና አደረግሁ። የበግ አልጫ ነው። ቅቤው ውስጥ ጦስኝ አለበት። ጦስኝ በአልጫ ቅቤ የምትጨምር በአካባቢያችን አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም አምሳል ናት። ጎረቤቶቿ ይስቁባት ነበር፤ እሷም «የኔ ባል የሚበላው ይህን ነው» ትላቸው ነበር። አራት ዓመት ይህ ሽታ በአፍንጫዬ አልዞረም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እጄም ሳላዘው ተዘረጋ። እንጀራውን ቆረስሁ። ወጡን አጠቀስሁ። ወደ አፌ ሳደርሰው የደስታው አፍ ታየኝ፤ ያ የተጣመመው። ጉዝጓዙ ላይ የወደቀው ጉርሻም ታየኝ። የቆረስሁትን መልሼ አስቀመጥሁት።

ውባንቺ ሳህኑ አጠገብ ቆማ ለረጅም ጊዜ አላነሣችውም። «ይሄን እንኳ አባቴ። እሷ ከሁሉ ይልቅ የተጨነቀችለት ይሄ ነው። ሦስት ጊዜ ቀምሳዋለች።»

ቢሻው እያየኝ ነው። የቢሻው ሚስት እያየችኝ ናት። መሐላዬ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር፤ እምላለሁ ደርሶ ነበር። ግን አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ይብቃኝ በያት» አልሁ።

ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረዘመብኝ። ባለክራባቱ ስለ ጣፋጩ ወይን ያወራል፤ ሰው ይስቃል፤ ሚስት ለባሏ ከሳህኗ ታቀምሳለች፤ ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ያው ባዶ ነው። ምንድን ነው የምጠብቀው አልሁ ለራሴ። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። አፌ ቢጣመምስ? ማን ሊያየው? ከማን ጋር ላወራበት? ላሞቹ እንደሆኑ አይጸየፉኝም። ሚስቴን ቀብሬያለሁ፤ ልጄን በቁሟ ቀብሬያለሁ። ሚካኤል ከዚህ የባሰ ምን ያመጣብኛል? እንዲህ ስል ፍርሃቴ ከላዬ ወረደ። አንተ ሚካኤል፣ የፈለግኸውን አድርገኝ አልሁ፤ ልጄ ከዚያ በር ትውጣ እንጂ።

አምስተኛው መጣ። ኬክ ነው፤ ክሬም ተቀብቶበት ከላዩ የወይን ፍሬ ተቀምጦበታል። ማን ሠራው ብዬ አልጠየቅሁም። አማተብሁና በማንኪያ ቆርጬ ጎረስሁ። ጣፋጭ አልወድም፤ ግን በላሁ። እያኘክሁ የወጥ ቤቱን በር አያለሁ። እንባዬ ክሬሙ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቢሻው ያያል፤ ይይ። ፍርፋሪውን ሳይቀር በጣቴ ለቅሜ ጨረስሁና ባዶውን ሳህን ከፍ አድርጌ ውባንቺን ጠራኋት።

«ይኸው። በላ በያት። አባትሽ ከእጅሽ በላ በያት። መሐላ ነበረብኝ፤ መሐላዬን አፍርሼ በላሁ በያት። አሁን ትውጣልኝ።»

ቃሉ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ እንዲህ ቀላል ነበር። ውባንቺ ሳህኑን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«መሐላ?» አለች። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ፣ ጽጌሬዳ የለችም። አራተኛው ሳህን ሲመለስ ሽርጧን ፈትታ በጓሮ በር ወጣች። ወደ ሥራው አልመለስም ብላ ቁልፉን ሰጥታኝ ነው የሄደችው።»

«ይህንን ሠርታ ነው የሄደች?»

«ኬኩ ከባሕር ዳር ኬክ ቤት የመጣ ነው አባቴ። ጣፋጭ የሷ ሥራ አይደለም፤ ካርዱ ላይ አምስቱንም ያለችው ለእርስዎ ብላ ነው መሰለኝ። ለእርስዎ የሚሆን የማር ዳቦ ልጋግር ብላ ሊጡን አቡክታ ነበር። ሳትጋግረው ሄደች።»

መሐላዬን ያፈረስሁት በባዳ እጅ ኬክ ነው። አይነሣም ብዬ የፈራሁት ጉልበቴ ያኔ ተነሣ። አዳራሹን አቋርጬ ወጥ ቤት ገባሁ። ሰው ዞሮ ያየኝ ይሆናል፤ አላየሁም። ወጥ ቤቱ ውስጥ አንዲት ዕቃ አጣቢ ሴት ብቻ አለች። የጓሮው በር ክፍት ነው። ከመደርደሪያው ላይ አራት ሳህን ተደርድሯል፤ የእኔ ሳህኖች። እህል ነው፣ ሳይነካ አይደፋም ብለው አስቀምጠውታል። ሊጡ በጎድጓዳ ሳህን ተከድኖ ከጎናቸው አለ፤ ኩፍ ብሎ ክዳኑን አንሥቶታል።

በርጩማ ሳብሁና ተቀመጥሁ። ሾርባውን እንደቀዘቀዘ ጠጣሁት። ዳቦውን በላሁ። ጎመኑን በላሁ፤ ዶሮውን በላሁ፤ ሩዙን በእጄ ዘግኜ በላሁ። ተከትላኝ የገባችው ውባንቺ «አባቴ፣ ላሙቅልዎ» አለችኝ፤ «ተይው» አልኋት። አልጫው ላይ ቅቤው ረግቷል። ያችን ቆርሼ ያስቀመጥኋትን ጉርሻ አገኘኋትና መጀመሪያ እሷን ጎረስሁ። የአምሳል እጅ ነው፤ ጨው እንኳ አልተሳሳተም። ሁለቱም ሴቶች ቆመው ያዩኛል።

«ስልክ ደውይላት» አልኋት ውባንቺን።

ደወለች። ደጋግማ ደወለች። «ዝግ ነው አባቴ።»

«እንግዲያ ምስክሮቼ ሁኑ። የት እንዳለች ስታውቁ ንገሯት። ሁሉንም በላ በሏት።»

ውባንቺ አንገቷን ነቀነቀች፤ እያለቀሰች ነበር። እኔ ሳህኑን በእንጀራው ጠርጌ ጨረስሁ።

ይህ በጥር ነው። ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ውባንቺ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፤ ደግ ሴት ናት። ባሕር ዳር ጠየቅሁ፣ የለችም ትለኛለች። አዲስ አበባ ሄደች የሚሉም አሉ። ቢሻው ያሰብሁትን ያህል አላወራም፤ እንዲያውም ሩዝ ይዤ ስሄድ ቀና ብሎ አያየኝም። አፌም አልተጣመመም። ቄስ ተክለ ማርያም ከወንዛዬ ሲመለሱ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። አርባ ቀን አሰገዱኝ፤ ትናንት በመስቀላቸው ባርከው መሐላውን ፈቱልኝ። «በል እንግዲህ፣ ከልጅህ እጅ መብላት ተፈቅዶልሃል» አሉኝ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። የት ሄጄ እንደምበላ ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።